ፕሌይስቴሽን ላምጣ ወይስ ኮምፒውተር?

ባለፈው እሁድ እህቴ ከቨርጂኒያ ደወለች። ለገና ልትመጣ ነው። ለታላቅ ወንድማችን ልጆች አንድ ትልቅ ስጦታ አስባለች። “ፕሌይስቴሽን ላምጣላቸው ወይስ የጌም ኮምፒውተር? ሻንጣዬ የሚችለው አንዱን ነው” አለችኝ። እኔም ሳላስብ “ፕሌይስቴሽን ነዋ!” አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ማታ ላይ ነገሩ ከነከነኝ። ስለ ልጆቹ አንድም ነገር ሳልጠይቅ ነው የመለስኩት። ቤታቸው ዋይፋይ አለ? መብራቱስ እንዴት ነው? ትልቁ ልጅ የሚሠራበት ኮምፒውተር አለው? ምን ዓይነት ጌም ነው የሚወዱት? እነዚህን ሳያውቁ “ይሄኛው ይሻላል” ማለት የእግር ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ መግዛት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁም፣ እዚሁ ቦሌና መርካቶ ዞራችሁ የምትገዙም ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። የዶላር ዋጋዎቹ ዕቃዎቹ አሜሪካ ገበያ ሲወጡ የነበራቸው ዋጋ ነው። አሁን ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

ኮንሶልም ኮምፒውተር ነው

ኮንሶል እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ፣ ለጌም ተብሎ የተሠራ ሳጥን ነው። ፕሌይስቴሽን 5ን ብትፈቱት ግን ውስጡ የምታገኙት ኮምፒውተር ነው። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) አለው። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። የመጀመሪያው ሞዴል 825 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ነበረው። የማይክሮሶፍቱ ኮንሶል ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም ፕሮሰሰሩ ከዚያው ከኤኤምዲ ነው። ሁለቱም በኖቬምበር 2020 በ499 ዶላር ገበያ ላይ ወጡ።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? “ማን ይወስናል?” የሚለው ላይ ነው። ኮንሶል ላይ የሚወስነው ሠሪው ነው። ምን እንደሚከፈት፣ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚታደስ ሶኒ ወይም ማይክሮሶፍት ወይም ኔንቴንዶ ይወስንላችኋል። ኮምፒውተር ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ግራፊክስ ካርዱን (ሥዕሉን የሚሠራውን ክፍል) ትቀይራላችሁ፣ ሜሞሪ ትጨምራላችሁ፣ ከፈለጋችሁበት ሱቅ ትገዛላችሁ። ግን አንድ ነገር እምቢ ሲል ቁጭ ብሎ መፍትሔ የሚፈልገውም ባለቤቱ ነው። ቤት ውስጥ ይህን የሚወድ ሰው ካለ ደስታ ነው። ከሌለ ኮምፒውተሩ አቧራ ይጠጣል።

የኮንሶል ትልቁ ጉልበት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጌም ሠሪው አዲስ አበባ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ቶኪዮ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 አንድ እንደሆኑ ያውቃል። ሥራውን ለዚያ ዕቃ ለክቶ ይሠራል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ኮንሶል እንኳ አዲስ ጌም ይሸከማል። ኮምፒውተር ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ሁሉም ላይ እኩል አይሮጥም።

አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተር ሁለተኛ ልጅ ሆኖ ይቀራል። የኳስ ጌሙን ፊፋ 22ን አስታውሱ። በ2021 ሲወጣ አዲሱ የተጫዋቾች እንቅስቃሴ ለአዳዲሶቹ ኮንሶሎች ብቻ ነበር የተሰጠው። ለኮምፒውተር የመጣው የድሮው ትውልድ ቅጂ ነው። ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ለውጥ አልነበረውም። በ2022 ፊፋ 23 ሲወጣ ነው የተስተካከለው። ጂቲኤ 5ም ለኮንሶል በሴፕቴምበር 2013 ወጥቶ ለኮምፒውተር የደረሰው በኤፕሪል 2015 ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ መጠበቅ ለአንድ ታዳጊ ቀላል አይደለም።

ሳጥኑ ለምን ረከሰ?

499 ዶላር ይዛችሁ የፕሌይስቴሽን 5ን አቅም የሚያህል አዲስ ኮምፒውተር ከነሙሉ ዕቃው ልግጠም ብትሉ ይከብዳችኋል። በ2020 እና በ2021 ፈጽሞ አይሞከርም ነበር። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን የገንዘቡን አብዛኛውን ክፍል ይበላል። ሶኒ እንዴት ቻለ?

ቤቱን በርካሽ አከራይቶ በውሃና በመብራት የሚያካክስ አከራይ ታውቃላችሁ አይደል? ነገሩ እንደዚያ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 መጀመሪያ ላይ በኪሳራ ነበር የሚሸጠው። ሶኒ ባለ ሲዲው ሞዴል ከኪሳራ ወጣ ያለው በ2021 ነው። ትርፉ ያለው በኋላ ነው። በሱቁ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጌም ላይ 30 በመቶ ያህል ይቆርጣል። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት ደግሞ የአባልነት ክፍያ አለ። የፕሌይስቴሽን ፕላስ ዝቅተኛው ደረጃ በ2023 በዓመት ወደ 80 ዶላር ገብቷል።

አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ነው። በዓመት ሦስት ብትገዙና አባልነቱን ብትጨምሩበት 290 ዶላር ሆነ። በሁለት ዓመት የሳጥኑን ዋጋ አለፈ ማለት ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2024 ወዲህ ይህ ሒሳብ እዚህ ቤት ውስጥ ከባድ ነው። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ነው 100ን ያለፈው።

ኮምፒውተር በተቃራኒው በሩ ላይ ያስከፍላል፣ ውስጥ ያቀልላል። በኢንተርኔት መጫወት የአባልነት ክፍያ የለውም። ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም ሱቅ በዓመት ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያወጣል። አንድ ሁለት ዓመት የቆየ ጌም በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 በነፃ ነው የሚወርዱት። ለፍትሕ ያህል ግን ኮንሶልም ላይ ነፃ ጌሞች አሉ። ፎርትናይትና የኳስ ጌሙ ኢፉትቦል ያለ አባልነት ክፍያ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ልጆቹ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለት ጆይስቲክ ይዘው ኳስ የሚጫወቱ ከሆነ አባልነት አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ ያለው የጌም ቤት ባህል ይሄው ነው። ተሸናፊ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ለዚህ አጨዋወት ኮንሶልን የሚያህል የለም። ትከፍቱታላችሁ፣ ይሠራል፣ አለቀ።

የሲዲ ማስገቢያው ጉዳይ

ከውጭ የሚመጣ ኮንሶል ላይ በብዛት የማየው ስህተት ይሄ ነው። ዘመድ ሱቅ ይገባል። ሁለት የሚመሳሰሉ ካርቶኖች ያያል። አንዱ ይረክሳል። እሱን ያነሳል። ቤት መጥቶ ሲከፈት ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

አሜሪካ ላለ ቤተሰብ ችግር ላይሆን ይችላል። ፈጣን ኢንተርኔት አለ፣ የባንክ ካርድ አለ፣ ከሱቁ ገዝቶ ያወርዳል። እዚህ ግን ሦስት ግድግዳ ይገጥማችኋል።

አንደኛው አካውንት ነው። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት) በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንት ስትከፍቱ አገራችሁን አታገኙትም። ሰው ሁሉ የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር አካውንት ነው የሚከፍተው። ይሠራል፣ ግን ከኩባንያው ደንብ ውጭ ስለሆነ ችግር ሲመጣ አቤት የምትሉበት ቦታ አይኖርም። ሁለተኛው ክፍያ ነው። የአሜሪካ አካውንት የሚፈልገው የአሜሪካ ካርድ ወይም የአሜሪካ የስጦታ ካርድ ነው። በቴሌብር አይከፈልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጌም ውጭ ያለ ሰው ታስቸግራላችሁ።

ሦስተኛው ዳታ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። የዛሬ ትልልቅ ጌሞች 100 ጊጋባይት መድረስ ብርቃቸው አይደለም። ቤታችሁ ያለው መስመር በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው እንበል። ሙሉ ፍጥነቱን ያለ ማቋረጥ ቢሰጣችሁ እንኳ 100 ጊጋባይት ለማውረድ 22 ሰዓት ይፈጃል። 4 ሜጋቢት ከሆነ ከሁለት ቀን በላይ ነው። ያውም መብራት ሳይሄድ፣ ኔትወርክ ሳይንቀራፈፍ። በሞባይል ፓኬጅ ከሆነማ አይታሰብም።

ሲዲ ይህን ሁሉ ያቀልለዋል። ከሲዲው ይጫናል። ማሻሻያ ሊጠይቅ ይችላል፣ አንዳንድ ጌም ደግሞ ሲዲው ላይ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሲዲ ከጓደኛ ጋር ትቀያየራላችሁ። ሲሰለቻችሁ ትሸጡታላችሁ። ዲጂታል ጌም ግን ከአካውንቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ስለዚህ ለዘመዳችሁ በግልጽ ንገሩት። “ዲጂታል” የተባለውን ፕሌይስቴሽን 5 አይግዛ። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ውድ ሆኖ ሳለ ካርቶኑ ውስጥ ማስገቢያ የለውም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም በ299 ዶላር ርካሽ ሆኖ የወጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ያለው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ማስገቢያውን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ያስችላል። ሲገጠም ግን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ኮምፒውተር ላይ ሲዲ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ሁሉም በማውረድ ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው መላ አለ። ጓደኛችሁ ያንኑ ጌም ስቲም ላይ ካለው ፋይሉን በሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ወደ ቤት ማምጣት ትችላላችሁ። ጌሙን በራሳችሁ አካውንት መግዛት አለባችሁ። ከዚያ ስቲም የተገለበጠውን ፋይል አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ውስጥ ሆነው የጌሙን ፋይል የኢንተርኔት ዳታ ሳይበሉ ይቀባበላሉ። እዚህ አገር ላለ ተጫዋች ይህ ወርቅ ነው።

ስለ መብራትና ስለ አቧራ

አሜሪካ ውስጥ የሚጻፍ ማነፃፀሪያ ይህን ክፍል አይነካውም። ለእኛ ግን ዋናው ነው።

በመጀመሪያ ቮልቴጁ። አሜሪካ 120 ነው፣ እኛ 220 ነን። ዕቃው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። “100-240” ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። “120” ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ሳታገኙ እንዳትሰኩት። የድሮው ኤክስቦክስ 360 በዚህ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ የሚያከፋፍለው ክፍል) ከኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። አንዱ ጎን 115፣ ሌላው 230 ይላል። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ “ጧ!” ብሎ ያበቃል። አንድ ጎረቤቴ ከውጭ የመጣለትን ኮምፒውተር የመጀመሪያዋ ቀን ላይ እንዲህ ነው ያጣው። እኔ ነበርኩ አጠገቡ፤ ሽታው አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ የመብራት መቆራረጥ። መብራት ሲሄድ ሁለቱም ይጠፋሉ። የበለጠ የሚጎዱት ፋይል እየጻፉ ሳለ ከጠፉ ነው። ፕሌይስቴሽን ከዚያ በኋላ ሲበራ ማከማቻውን ይፈትሻል፣ ብዙ ጊዜም ራሱን ያስተካክላል። ግን ደጋግሞ መሆን የለበትም። “ሬስት ሞድ” በሚባለው እንቅልፍ ላይ ትታችሁት አትደሩ። ሙሉ በሙሉ አጥፉት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወረወረው ኃይል ነው ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ) ብትገዙ ጥሩ ነው። ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣችኋል። ለመጫወት ግን አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ግድም ይበላል፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ጠንካራ የጌም ኮምፒውተር ደግሞ 300 እና 400 ዋት ሊደርስ ይችላል። ትንሿ የቢሮ ዩፒኤስ ይህን አትሸከምም። ስትገዙ የሚችለውን ዋት ጠይቁ።

አቧራውስ? ሁለቱም በማራገቢያ ነው የሚቀዘቅዙት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን እንደ ልብ አይወስድም። ስለዚህ ማራገቢያው የበለጠ ይሠራል። ኮንሶሉን መስታወት ባለው ካቢኔት ውስጥ ዘግታችሁ አትክተቱት። ከኋላው ክፍት ቦታ ተዉለት።

ኮምፒውተር ጎኑን ከፍቶ አቧራውን መንፋት ቀላል ነው። የተበላሸ ክፍል ነቅሎ መቀየርም እንዲሁ። ጎበዝ ጠጋኝ በየሰፈሩ አለ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን ይለያል። ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፈሳሽ ብረት ነው። ፈሳሹ ያለ ቦታው ከፈሰሰ ቦርዱን ሊገድለው ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው “ሰርቪስ ላድርገው” ቢላችሁ አትስጡት።

“ኮር አይ ሰቨን ነው” ሲሏችሁ

ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል ይሄ ነው። “ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ሁሉንም ይከፍታል።” ይህ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አይ ሰቨን ከ2008 ጀምሮ ያለ ስም ነው። የ2013ቱ አይ ሰቨን ከ2022ቱ አይ ፋይቭ በእጅጉ ይደክማል። ጄኔሬሽኑን (የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ) ጠይቁ። 4770 ከሆነ 4ኛ ጄኔሬሽን ነው። 12400 ከሆነ 12ኛ ነው።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ለጌም ወሳኙ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ እየሣለ ስክሪን ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ይቅደም ሜሞሪው ይቅደም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለትምህርትና ለቢሮ ድንቅ ሊሆን ይችላል። ከባድ ጌም ላይ ግን እንደ ስላይድ ነው የሚሄደው።

ካርድ ላይም ስም ያታልላል። አርቲኤክስ 3050 የሚባል ካርድ አለ። በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት ነው። 130 ዋት ይበላል፣ ከፓወር ሰፕላይ የተለየ ገመድ ይፈልጋል። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት ደግሞ 70 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። በአብዛኛው ተጨማሪ ገመድ ሳይፈልግ ቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ስማቸው አንድ ነው፣ ዕቃው ሌላ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው ተመሳሳይ ስም ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ካርድ ሙቀት ስለሚያስቸግረው ጉልበቱ ተቀንሶ ነው የሚገባው።

ይህቺ 70 ዋት የምትበላ ካርድ ለእኛ ገበያ ጥሩ በር ትከፍታለች። ከተማው በዩዝድ የቢሮ ኮምፒውተር የተሞላ ነው። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የሚሸጧቸው ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፣ የካርድ ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ካሳቸው (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ቁመተ ረጅም ከሆነ ይህን ካርድ ብትሰኩበት የቢሮው ኮምፒውተር የጌም ኮምፒውተር ይሆናል። ቀጫጭኖቹ ካሶች ግን አጭሩን የካርድ ዓይነት ነው የሚቀበሉት። ከመግዛታችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩ። ሜሞሪው ከ16 ጊጋባይት እንዳያንስ። ሃርድ ዲስክ ብቻ ካለው ኤስኤስዲ ጨምሩበት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ፕሌይስቴሽን 5ን ያህላል? አያህልም። ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በተለመደው የስክሪን ጥራት፣ በፉል ኤችዲ ነው የምትጫወቱት። ግን ፉል ኤችዲን አትናቁ። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ አለው። ካርዱም በዚያው ልክ ይለፋል። ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ፎርኬ ካልሆነ ለፎርኬ ብላችሁ ገንዘብ መጨመር ትርፉ ድካም ነው።

ጌሚንግ ላፕቶፕ የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሰው ያነሳል። ለተማሪ ዶርም ይመቻል። ለቤት ግን በዚያው ገንዘብ ዴስክቶፑ ይሻላል። ባትሪው ላይ ብቻ ሲሆን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ቻርጁም ቶሎ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ለመጫወት ብላችሁ ከሆነ ኔንቴንዶ ስዊች ወይም ስቲም ዴክ ይሻላችኋል። እነሱ በእጅ ተይዘው በባትሪ ለመጫወት የተሠሩ ናቸው።

ክራክ ስለሚባለው

“ክራክ የተደረገ ፕሌይስቴሽን 4 አለ፣ 20 ጌም ተጭኖበታል” የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ነው። ክራክ ማለት ያልተገዛ ጌም እንዲከፍት መቆለፊያው የተሰበረ ማለት ነው። ለምን እንደሚገዛ ይገባኛል። ጌም 70 ዶላር ሲሆን ሌላ ምን ያድርግ? ግን የምትገዙትን እወቁ። ያ ኮንሶል ኢንተርኔት ላይ በነፃነት መውጣት አይችልም። ሲታደስ ክራኩ ይጠፋል፣ ካልታደሰ ደግሞ አዳዲስ ጌም አይከፍትም። ከሶኒ ኔትወርክ ለዘለዓለም ሊታገድም ይችላል።

ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ይከፋል። ክራክ የተደረገ ጌም ውስጥ ቫይረስ ተደብቆ ይገባል። ያው ኮምፒውተር ላይ የልጁ የትምህርት ሥራ፣ የእናትየው ኢሜይል፣ የቤተሰቡ ፎቶ አለ። ስንት ነፃ ጌም እያለ ይህን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም። ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ይህን አስረዷቸው።

ቤቱ ምን ይጎድለዋል?

ወደ እህቴ ልመለስ። በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ትልቁ ልጅ 10ኛ ክፍል ነው። ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የለም። ትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራውን በእናቱ ስልክ ነው የሚጽፈው። በአውራ ጣቱ! የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2024 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ይህ ልጅ ኪቦርድ የሚነካው ትምህርት ቤት ተራ ሲደርሰው ብቻ ነው። ይህን ሳይ ለእህቴ የሰጠሁት መልስ ስህተት እንደነበር ገባኝ።

ይህ ቤት ኮምፒውተር ቢኖረው ኖሮ መልሴን አልቀይርም ነበር። ልጆቹ የሚወዱት ኳስ ነው። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው። ባለ ሲዲ ፕሌይስቴሽን 5፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የኳስ ሲዲ ብዬ እጨርስ ነበር። ኮንሶል ሳሎን መሆኑም ለወላጅ ደግ ነው። ምን እንደሚጫወቱ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ ያያል። ካርቶኑ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥርም ለጌጥ አይደለም። 18 የተባለ ጌም ለ9 ዓመት ልጅ አይሆንም።

የጊዜውም ነገር አለ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006፣ ፕሌይስቴሽን 4 በ2013፣ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ነው የወጡት። በየ7 ዓመቱ ማለት ነው። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 5 የሚገዛ ሰው ትውልዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው የሚገባው። አይጎዳም፤ እንዲያውም ያገለገሉ ሲዲዎች በርክሰው የሚገኙት አሁን ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችንም ከጥቂቶቹ በቀር ይከፍታል። ብቻ እያወቃችሁ ግቡ።

ወንድሜን ስጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሳሰበው። “ኮምፒውተሩን ክፍሉ ውስጥ ዘግቶ ሲጫወት ቢያድርስ?” አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል ተባባልን። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይያያዛል። ጆይስቲክ በዩኤስቢ ይሰካል። የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ለኳሱ ኢፉትቦል በነፃ አለ። ማታ ማታ ትልቁ ልጅ ያጠናበታል፣ ቅዳሜ ሁለቱ ይጋጠሙበታል።

ማታውኑ ለእህቴ ደወልኩላት። “ፕሌይስቴሽኑን ተይው” አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ አስረዳኋት። ኮምፒውተሩን ከነካሱ እዚሁ ዩዝድ እንገዛለን፣ ወንድሜና እኔ ተካፍለን። እሷ የምታመጣው ሦስት ነገር ነው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን፣ አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ ሁለት ጆይስቲክ። የካርዱን ስም በጽሑፍ ላኩላት፣ ባለ 8ቱን እንዳታነሳ። ካርዱን ከካርቶኑ ሳታወጣ በነጠላ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣዋ እንድትይዘው ነገርኳት። ሌላው ሻንጣዋ ባዶ ቀረ። “እሱን በልጆቹ ጫማ እሞላዋለሁ” አለች። የእግራቸውን ቁጥር ላኩላት።